የዝምታ ውል

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን 2071 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሞተች አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጄ የአሳታሚዬ ንብረት ልትሆን ነበር። አላጋነንኩም። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው፤ እኔ የምነግራችሁ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው።

ትርሲት እባላለሁ፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቀበና እኖራለሁ፤ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት መጻሕፍት አሳትሜአለሁ፤ የሦስቱንም ውል የተቀበልኩት ሳላነብ ነው። አትፍረዱብኝ። እናንተስ ዛሬ ጠዋት ዳቦ ስትገዙ ዳቦ ቤቱ ያነበነበላችሁን ውል ሰምታችኋል?

ባለፈው ዓመት ግን ስለ ልጄ ጻፍኩ። ሶስና ትባላለች። በስምንት ዓመቷ ማጅራት ገትር በሦስት ቀን ውስጥ ወሰደብኝ። ስታወራ የምትለውን፣ ስትቆጣ የምታደርገውን፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋ «ጫማው ልክ ነው፣ እግሬ ነው የተሳሳተው» ያለችኝን ሳይቀር ሰብስቤ መጽሐፍ አደረግኩት። አንድም የፈጠርኩት ነገር የለበትም። ሰው እንዲያነባት፣ እንዲያውቃት ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

የጻፍኩት እንደ ማንኛውም ደራሲ ነቁጥ አሳታሚ በነፃ ባደለን የኤሌክትሮኒክስ ደብተር ላይ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ እየተጻፈ ለአሳታሚው ይደርሳል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩ ቀን ደብተሩ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝና ሠላሳ ቀን መቁጠር ጀመረ። ሕጉ ሠላሳ ቀን ዝም ያለ ደራሲ አሳታሚው ባዘጋጀው ውል ተስማምቷል ይላል። የዝምታ ውል ይሉታል። መቃወም የፈለገ ሰው የማይስማማበትን ሰርዞ፣ የሚፈልገውን ጨምሮ፣ በወረቀት፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ቀኑ ሳያልቅ ይመልሳል። ያን ጊዜ አሳታሚው ወይ ማሻሻያውን ይቀበላል፣ ወይ መጽሐፉን ይመልሳል። ቀላል ይመስላል አይደል? ምስክሮቹ ግን ውሉ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ በጆሯቸው የሰሙ መሆን አለባቸው። ውሉ ደግሞ ስድሳ አራት ገጽ ነው።

እኔ መጽሐፉን እንደጨረስኩ መጋረጃ ዘግቼ አራት ሳምንት ተኛሁ። ተነስቼ ደብተሩን ስከፍት አንድ ቀን ነበር የቀረኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ስድስት ኪሎ ታክሲ ያዝኩ። በሩ እንደተዘጋ እንደ ወትሮው ውሉን ማንበብ ጀመረ፤ ስለ መቀመጫው፣ ስለ መንገዱ፣ በመንገድ ላይ ስለምናወራው ወሬ፣ በጠቅላላ አሥራ አንድ ነጥብ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ አፍ «ተቀብያለሁ» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ታክሲውም አልንቀሳቀስም አለ።

«እናት፣ ምነው? ሥራ አለን እኮ!» አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ።

«አራተኛውን ልስማ» አልኩ።

«ሰምተሽ ልትለውጪው ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። አንዷ ሴትዮ ሰዓቷን እያሳየች «እባክሽን፣ ልጅ የክረምት ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቀኝ ነው» አለችኝ። አፈርኩ። ተቀብያለሁ አልኩና ሄድን። አራተኛው ነጥብ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስድስት ኪሎ የሄድኩት እትዬ ውባለምን ፍለጋ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ድሮ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር፤ አሁን ለሰው ውል ያነባሉ። በከተማው በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሌላ ሰው መኖሩን እንጃ። ወረቀቱን ተቀብለው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው፣ ሁለት ሰዓት ያህል አንገታቸውን አላቀኑም። በመሃል አንዴ ብቻ ቀና አሉ።

«የበፊቶቹን ሦስት ውሎች ሳታነቢ ተቀበልሽ?»

«አዎ።»

«አንቺስ ጤና የለሽም።»

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ» አሉና ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ በሥራው የተገለጸ ማንኛውም ሰው፣ በሕይወት ቢኖርም ባይኖርም፣ ዕድሜው፣ አነጋገሩና ጠባዩ በአሳታሚው ሊቀጥል ይችላል።

«ሊቀጥል ማለት?»

«ሌላ መጽሐፍ ይወጣታል ማለት ነው። ከዚያም ሌላ። የነቁጥ መጻፊያ መኪና ይጽፋል፣ ልጅሽ ትናገራለች።»

ቀዩን እስክሪብቶ ነጥቄ አንቀጹን ልሰርዘው ስል እጄን ያዙኝ።

«ቆይ፣ አትቸኩዪ። ተንኮሉ እዚህ ብቻ አይደለም። አንቀጽ አንድን እዪው፤ ‹ሥራው ማለት መጽሐፉና በመጽሐፉ የተገለጹ ሰዎች ናቸው› ይላል። አሥራ ዘጠኝን ሰርዘሽ አንዱን ከተውሽው በጓሮ ይገቡልሻል። መጀመሪያ ትርጉሙን አስተካክዪ። ቀጥሎ ‹ለዘላለም› የሚለውን በዓመት ቁረጪው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይቺን ጨምሪ፦ በዚህ ውል በግልጽ ያልተሰጠ መብት ሁሉ የደራሲዋ ነው። በሦስቱም ውሎችሽ ላይ ይቺን አንድ መስመር ብታስገቢ ኖሮ…»

«ይበቃኛል፣ እትዬ።»

«እሺ ይብቃሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትለምኛቸው። ምን እንደማትሰጪ አውቀሻል። ምን እንደምትሰጪም አስቢበት፤ ባዶ እጅሽን ብትቀርቢ መጽሐፉን ይመልሱልሻል።»

ይህም ሌላ ጣጣ ነው። አሳታሚ የመለሰው መጽሐፍ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ መጽሐፍ በየትኛውም ደብተር አይከፈትም። ሶስናን ወይ አሳታሚው እንደፈለገ ይቀጥላታል፣ ወይ ማንም አያውቃትም።

ማሻሻያውን ጽፈን፣ እትዬ ውባለምን ቤቴ ይዣቸው መጣሁና ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት በሰፈሩ ምስክር ፍለጋ ዞርኩ። አንዷ እትዬ ውባለም ናቸው፤ ሁለተኛ ጠፋ። ልብስ ሰፊው «ስንት ገጽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ይሄንንማ ለጠላቴ አስነብቢለት» ብሎ የስፌት መኪናውን መርገጥ ቀጠለ። ባለሱቋ «ለአንቺማ ነፍሴንም እሰጥሽ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ግን ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። አንድ ጎረቤቴ እሺ ብሎ ገባና አራተኛው ገጽ ላይ ስልኩን አንስቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። በሰው አልፈርድም፤ እኔም ብሆን አልሰማላቸውም ነበር። ግን ደሜ ፈላ።

ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው።

ድርጅቶች ሽማግሌ መላክ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ባንኩም ይልካል፣ የመብራቱም ይልካል፤ ሰው ለወረቀት የማይሰጠውን ለሽማግሌ እንደሚሰጥ ገብቷቸዋል። ሦስት መሆን ሲገባቸው ሁለት ነበሩ፤ ለሦስተኛው በጀት አልተፈቀደም መሰለኝ። አንደኛው አቶ ክንፈሚካኤል የሚባሉ የነቁጥ ደመወዝተኛ ናቸው። ጋቢያቸው አዲስ ነው፣ ከዘራቸው ላይ የድርጅቱ ምልክት ተለጥፏል፣ ጆሯቸው ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ያበራል። ሁለተኛውን ሳይ ግን በሩን በሰፊው ከፈትኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሉልሰገድ ናቸው። የሶስናን ሬሳ ከዚህ ቤት በእጃቸው አቅፈው ያወጡ ሰው ናቸው፤ ሳጥኑ ትንሽ ስለነበረ ሌላ ተሸካሚ አላስፈለገም። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት።

«ልጄ፣ ከአሳታሚሽ ጋር ተጣልተሻል አሉኝ። ለእርቅ ነው የመጣነው» አሉኝ።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ?»

አቶ ክንፈሚካኤል በጆሯቸው የሚነገራቸውን እየተከተሉ ጀመሩ። «ወይዘሮ ትርሲት፣ ነቁጥና እርስዎ አሥራ ሰባት ዓመት በፍቅር ኖራችኋል። ምስክር ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ መዋልዎን ሰምተን አዝነናል። ነገር አይክረር። የምንለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዝም ይበሉልን። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

የጋሽ ሉልሰገድ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኒህን ሰው እንዴት አድርጌ እምቢ እላለሁ? ድንኳን አስተክለው፣ ለቅሶዬን ተቀምጠው፣ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በሬን እያንኳኩ «በልተሻል?» ያሉኝ ናቸው። ነቁጥም ይህንን አውቆ ነው የላካቸው፤ አንድ በአንድ አስልቶ ነው። እሺ የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ጋሽ ሉልሰገድ እንዲቀመጡልኝ ብዬ ልጄን ልሰጥ አንድ ቃል ነው የቀረኝ።

«ጋሽ ሉልሰገድ» አሉ እትዬ ውባለም ከጓዳ በር ላይ፣ ውሉን በእጃቸው እንደያዙ። «ያጣላቸውን ነገር ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ወረቀት ነው አሉኝ።»

«ታዲያ ይነበብልዎት?»

አቶ ክንፈሚካኤል ጆሯቸውን ጫን አደረጉ። «ማንበብ አያስፈልግም፤ የተለመደ ውል ነው።»

«እንዴ!» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ። «ነገሩን ሳልሰማ ነው እንዴ የማስታርቀው? ማን መስዬ ታየሁህ? ይነበብ!»

እትዬ ውባለም ከገጽ አንድ ጀመሩ። ያኔም እንኳ አልገባኝም። እኔ መልስ የምሰጥበትን ጊዜ የሚያራዝሙልኝ ነበር የመሰለኝ፤ እሳቸው ግን ከመነጽራቸው በላይ አንዴ አየት አድርገውኝ ወደ ወረቀቱ ሲመለሱ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ መልስ ሳያገኝም አይወጣም። ከገጽ አንድ እስከ ስድሳ አራት ቆሞ የሚሰማ ሰው ቤቴ ድረስ ልከውልኛል።

አቶ ክንፈሚካኤልም የገባቸው መሰለኝ። ገጽ ሃያ ላይ ሲደረስ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ እርቅ አለብኝ፤ ጋሽ ሉልሰገድ፣ አብረን እንውጣ» አሉ። ጋሽ ሉልሰገድ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። «እርቅ ጀምሮ ጥሎ የሚወጣ ሽማግሌ ዛሬ ገና አየሁ። አንተ ሂድ፣ የኔ ወንድም። እኔ ነገሬን አልጨረስኩም።» ሰውየው ወጡ። ከዘራቸው ደረጃው ላይ ኳ ኳ ሲል ሰማነው።

ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ወንበር አስጠጋሁላቸው፤ በእጃቸው ገፉት። ግድግዳ ላይ እንዲደገፉልኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ቢወድቁስ? እኔ ነኝ የገደልኳቸው። እትዬ ውባለም ሊዘሉ አይችሉም፤ አንድ መስመር ቢጎድል ምስክርነቱ ዋጋ የለውም። አሥራ ዘጠነኛውን አንቀጽ ሲያነቡ ጋሽ ሉልሰገድ «ይቀጥላል ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። «አባሪው ላይ ይመጣል፣ ይታገሡ» አሏቸው። አሥር ሰዓት ከአምስት።

አባሪው ላይ ሲደርሱ እትዬ ውባለም መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጠዋት ይቺን ገጽ አላነበቡልኝም ነበር።

«አባሪ ሦስት። ሶስና፣ ሴት፣ ስምንት ዓመት። ቅጽ ሁለት፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ዓመቷ። ቅጽ ሦስት፤ የመጀመሪያ ፍቅር። ቅጽ አራት፤ ከእናቷ ጋር መጣላት። ቅጽ አምስት…»

«ይተዉት!» ብዬ ጮኽኩ። «እትዬ፣ በሞቴ ይተዉት!»

«አልተወውም። ዝም በዪ» አሉኝና እስከ ቅጽ ዘጠኝ አነበቡ። ቅጽ ዘጠኝ ላይ ሶስና ሰባ ዓመት ሞልቷት አያት ሆናለች።

ጋሽ ሉልሰገድ ከግድግዳው ተላቀቁ። «ይቺ ሶስና የኛዋ ናት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እኔ ያወጣኋት?» አዎ አልኩ። ወንበሩን ራሳቸው ጎትተው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እህ ብለው ተቀመጡ። «ሽምግልናው ቀርቷል። የቀረውን ጨርሺና እስክሪብቶ ስጪኝ።»

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሁለት ምስክር የፈረመበትን ማሻሻያ ደብተሩ ላይ ዘረጋሁት፤ ደብተሩም አንብቦ ላከው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ኢዮስያስ በደብተሩ ገጽ ላይ ብቅ አለ። ኢዮስያስ የሦስቱም መጻሕፍቴ አርታኢ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ግን ገርጥቶ ነበር።

«እትዬ ትርሲት፣ እንዴት አደረጉት? ለማንኛውም አንቀጽ አንድን እንደጻፉት ተቀብለናል። ዘመኑም ከዘላለም ወደ ሰባት ዓመት ወርዷል። ያልተሰጠ መብት የደራሲዋ ነው የሚለውም ይግባ። አሥራ ዘጠኝን ግን መሰረዝ አንችልም። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ ብቻ እናድርገው።»

«ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው።»

«እስከ አሥራ አራት?»

«ኢዮስያስ፣ ስምንት ዓመቷ ነው።»

«እስከ አሥራ ሁለት። ከዚያ በታች ካሉ መጽሐፉን እንዲመልሱልዎት ነው የታዘዝኩት። በሞቴ እትዬ፣ አሥራ ሁለት ይበሉ። ማንም ሳያነባት ልትቀር ነው እኮ።»

በግ ሲሸጥ እንዲህ ሲከራከሩ አይቻለሁ። እትዬ ውባለምን አየኋቸው። ጠዋት የነገሩኝ፣ ምን እንደምትሰጪ አስቢበት ያሉኝ፣ ጆሮዬ ላይ ነበር። ውሉን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሰማ አንድ ሌላ አንቀጽ ሰምቻለሁ፤ ሃያ ሁለተኛው፣ ደራሲዋ ከሞተች በኋላ በስሟና በአጻጻፏ ስለ መቀጠል። እሱንም ጠዋት በቀይ ሰርዘነው ነበር።

«ሃያ ሁለትን እመልስላችኋለሁ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«የእኔን ውሰዱ። ከሞትኩ በኋላ በስሜ የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ ሃምሳ መጽሐፍ አውጡ። እሷን ግን ልቀቁ። በእኔ ስም በምታወጡትም ውስጥ ሶስና የምትባል ልጅ አትገባም፤ ስሟም፣ ወሬዋም፣ ጫማዋም።»

እትዬ ውባለም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደራሲ ከዚህ በላይ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ አውቄ ነው የሰጠሁት፤ ከንክኖኛልም። ኢዮስያስ ፊቱን አዙሮ ከማይታየን ሰው ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገረ። ጋሽ ሉልሰገድ ጉልበታቸውን ያሻሉ። አሥር ሰዓት ከአርባ፤ አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ተመለሰ። «ተቀብለዋል» አለ። «አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ከነአባሪው ተሰርዟል። መጽሐፉ እንደጻፉት፣ ቃል ሳይጨመር ይወጣል።»

እትዬ ውባለም እልል ሊሉ ከጅሏቸው ነበር። ኢዮስያስ ግን አልሄደም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ቅጽ ሁለት ተጽፏል። ሠላሳው ቀን ሲቆጠር መጻፊያ መኪናው ዝም ብሎ አይጠብቅም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። አሁን በውሉ መሠረት መሰረዝ አለብን፤ ቅጂ አይቀመጥም። ከመሰረዙ በፊት ግን… ማንበብ ከፈለጉ እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላቆየው እችላለሁ። ማንም አያውቅም።»

ነጠላዬን ራሴ ላይ ሳብኩ።

«እኔ አንብቤዋለሁ» አለ ኢዮስያስ። «አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ደህና ናት፣ እትዬ። ረዝማለች።»

ማንበብ ፈለግኩ። በሕይወቴ ምንም ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። ስትረዝም ምን ትመስላለች? ፀጉሯን ትቆረጣለች ወይስ ታሳድጋለች? አንድ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ፣ አንድ መስመር ብቻ። እጄ ወደ ደብተሩ ሲሄድ አየሁት። እትዬ ውባለም አላስቆሙኝም፤ ጋሽ ሉልሰገድም ዓይናቸውን ሰበሩ። አንድ መስመር ካነበብኩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን እንደማነብ፣ ከዚያም ቅጽ ሦስትን ራሴ እንደምለምናቸው አወቅኩ።

«ሰርዘው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። ሰርዘው።»

ሰረዘው። ደብተሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ መጥፋቱን አረጋግጦ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ጋሽ ሉልሰገድ በከዘራቸው ተመርኩዘው እንደምንም ተነሱ፤ አጠገቤ መጥተው እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉና «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

አሜን አልኩ።